ወርቅሽን ከመሸጥሽ በፊት

ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ አንዲት እህት ጽፋልናለች። ደብዳቤዋ ረጅም ነው። ስሜ አይጠቀስ ስላለች እንዲህ አሳጥረነዋል፦

«ከባለቤቴ ጋር 12 ዓመት ኖረናል። የተጋባነው በኒካ ነው፤ ቀበሌ ሄደን አላስመዘገብንም። የ10 እና የ6 ዓመት ልጆች አሉን። እሱ ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ ይነግዳል። እኔ ቤቴ ሳምቡሳ እየሠራሁ ለሱቆች አስረክባለሁ። ቤታችንን የሠራነው ከተጋባን በኋላ ነው፤ ካርታው ግን በእሱ ስም ነው። ካለፈው ረመዳን ጀምሮ ሌላ ቦታ ተከራይቶ ይኖራል። ሽማግሌ ተላከ፣ አልሆነም። አሁን ‹ቤቱ በስሜ ነው፣ ልብስሽን ይዘሽ ትወጫለሽ› ይለኛል። የወንድሙ ጓደኛ የሆነ ጠበቃ ደውሎ ‹ለሁለታችሁም እኔ እጨርሰዋለሁ፣ ወጪ አታብዙ› አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ዳኞቹን የሚያውቅ ሰው አለ ብላ አገናኘችኝ፤ እሱም ቀብድ ጠየቀኝ። ሌላ ጠበቃ ከቤቱ ዋጋ በመቶኛ ይታሰብልኝ ይላል። እጄ ላይ ያለው ወርቄ ብቻ ነው። ልሽጠውና ድሬ ውስጥ አለ የተባለውን ጠበቃ ልያዝ? ለመሆኑ ጠበቃ የግድ ነው ወይ? ወይስ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄጄ ራሴ ልጨርሰው? እናቴ ግን አሁንም ሽማግሌ ይሻላል ትላለች።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ወርቁን አትሽጪ። ቢያንስ አሁን አትሽጪ። ወርቅ እኛ ዘንድ ለሴት ልጅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ነው። ግን ጉዳይሽ ምን ያህል እንደሚያስወጣሽ ገና አልታወቀም። ሳይታወቅ ከሸጥሽው ገንዘቡ ለመጀመሪያው ለጠየቀሽ ሰው ይሄዳል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ወርቁ መህርሽ፣ ማለትም ባልሽ ሲያገባሽ የሰጠሽ ከሆነ፣ ወይም ቤተሰብሽ ለአንቺ የሰጡሽ ስጦታ ከሆነ የግል ንብረትሽ ነው። በትዳር ውስጥ በቤታችሁ ገንዘብ የተገዛ ከሆነ ግን ሕጉ የጋራ ነው ይላል። ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት ለመሸጥ ደግሞ የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። 500 ብር ዛሬ ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሕጉ ላይ የተጻፈው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብትሸጪው ነገ ችሎት ላይ «የጋራ ንብረት አሸሸች» ትባያለሽ። የቱ ወርቅ ከየት እንደመጣ አሁኑኑ በወረቀት ላይ ጻፊ። የሠርግ ፎቶ ካለሽ ፈልጊው፤ አንገትሽና እጅሽ ላይ የሚታየው ነገር ማስረጃ ይሆንሻል።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል።

ባለቤትሽ «ቤቱ በስሜ ነው» ማለቱ ብቻውን ቤቱን የእሱ አያደርገውም። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 213። ይህ ሕግ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል ይላል። «የለም፣ የግሌ ነው» የሚል ሰው ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። በፍቺ ጊዜ ደግሞ፣ በጋብቻ ውል ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ፣ የጋራ ንብረት እኩል ይካፈላል። እሱ ብዙ ሠራ፣ አንቺ ትንሽ ሠራሽ ተብሎ አይመዘንም። የሳምቡሳሽ ገንዘብም የታይዋኑ ሱቅ ገቢም በሕጉ ዓይን የጋራ ገቢ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽንም። ቤቱ የተሠራው ከጋብቻ በኋላ ነው ብለሻል፤ መሬቱስ? ከጋብቻ በፊት የነበረው ከሆነ፣ ወይም ከአባቱ የወረሰው ከሆነ ክርክሩ ይለወጣል። እሱ ቦታው የግሌ ነው ይላል፤ አንቺ ደግሞ ግንባታው በጋራ ገንዘብ ነው ትያለሽ። ጠበቃ የሚያስፈልገው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው። ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን የማይጠይቅሽ ጠበቃ ጉዳይሽን አልሰማውም ማለት ነው።

ሐረር ያሉ አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ልብ በሉ። የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። መንገዱ አጭር ቢሆንም የድሬውን ጉዳይ ቃል በቃል ወስዳችሁ ለራሳችሁ አትጠቀሙበት። ለጠበቃም ቢሆን እንዲሁ ነው። ድሬዳዋ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ውስጥ የሚቆም ጠበቃ የፌዴራል የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሐረር ላይ ጎበዝ ነው የተባለ ሰው የክልል ፈቃድ ብቻ ካለው ድሬ መጥቶ ሊቆምልሽ አይችልም።

«ጠበቃ የግድ ነው ወይ?» ብለሻል። የግድ አይደለም። ራስሽ ቆመሽ መከራከር መብትሽ ነው። ለፍቺው ብቻ ከሆነ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግሽም እላለሁ። የቤተሰብ ሕጉ ለመፋታት ጥፋት አስረጂ አይልሽም። «ሄዶብኛል»፣ «ሰድቦኛል» እያልሽ ምስክር መደርደር የለብሽም። ዳኛው ሁለታችሁንም ያነጋግራል፤ አብራችሁም ለየብቻም። ለማስታረቅ ይሞክራል፤ ራሳችሁ ወደመረጣችኋቸው ሽማግሌዎችም ሊመራችሁ ይችላል። ካልሆነ እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ በኋላም ፍቺውን የሚፈልግ ወገን በሐሳቡ ከጸና ፍቺው ይወሰናል። ስለዚህ «ፍቺውን አስወስንልሻለሁ» እያለ ብዙ ብር የሚጠይቅሽ ሰው፣ አንቺው ልታገኚው የምትችዪውን ነገር ነው የሚሸጥልሽ።

ጠበቃ የምትይዢው ለቤቱ፣ ለሱቁ ዕቃና ለልጆቹ ነው። ገንዘብሽንም እዚያ ላይ አውጪው። ሰው ተናዶ ጠበቃ ሲይዝ ባልየውን በችሎት የሚያዋርድለት ይፈልጋል። ይህ ስሜት ይገባኛል፤ 12 ዓመት ኖረሽ «ልብስሽን ይዘሽ ውጪ» ሲሉሽ መቃጠል ያለ ነው። ግን ዳኛው የሚጽፈው ውሳኔ ውስጥ የሚገባው ካርታ፣ ደረሰኝ፣ የባንክ ወረቀትና የምስክር ቃል ነው።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ፣ እሱም ጊዜ አይሰጥም። ጋብቻችሁ በኒካ ስለሆነና ስላልተመዘገበ መንግሥት መዝገብ ውስጥ ባለቤትሽ ያገባ ሰው ሆኖ ላይገኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው «ያላገባ» የሚል ማስረጃ አውጥቶ ቤት ሊሸጥ ይሞክራል። ሕጉ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረትን ያለ ሁለቱም ስምምነት መሸጥም ሆነ በመያዣ ማስያዝ አይፈቅድም። ሳትስማሚ ከተደረገም ማወቅሽን ተከትሎ በ6 ወር ውስጥ፣ ያም ሆነ ይህ ከ2 ዓመት ሳያልፍ፣ እንዲፈርስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ትችያለሽ። ግን የተሸጠ ቤት ለማስመለስ መሮጥ ከባድ ነው። ገዢው በመሃል ይገባል፣ ነገሩ ይወሳሰባል። ስለዚህ ክሱ እንደተከፈተ የመጀመሪያው ጥያቄሽ በቤቱ ላይ እግድ እንዲሰጥ መሆን አለበት። የእግዱ ትእዛዝ ካርታው ወደተመዘገበበት መሥሪያ ቤት መድረሱን ራስሽ ሄደሽ አረጋግጪ። ትእዛዝ ተሰጥቶ ደብዳቤው ሳይወጣ፣ ወጥቶም ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

በዚያው ጊዜ ለልጆቹ ቀለብ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩና ንብረቱን ማን እንደሚያስተዳድር ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል። የመጨረሻው ፍርድ እስኪመጣ ድረስ በባዶ ኪስ ጠብቂ የሚል ሕግ የለም። ብዙ ሴቶች ይህን ባለማወቅ መሃል ላይ ገንዘብ ያልቅባቸዋል። ከዚያ በማይረባ ስምምነት ላይ ይፈርማሉ።

ኒካው አለመመዝገቡ ጋብቻሽን አያጠፋውም። የኒካው ወረቀት ካለሽ በጣም ጥሩ። ባይኖርሽም እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁን፣ ቤተሰብና ጎረቤትም እንደዚያው ያውቃችሁ እንደነበር በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ኒካው ላይ የነበሩ ሰዎችን አሁኑኑ አነጋግሪ። የልጆችሽን የልደት ወረቀትም አውጪ።

አሁን ወደ ሦስቱ ሰዎች።

የወንድሙ ጓደኛ «ለሁለታችሁም እኔ እጨርሰዋለሁ» ብሏል። አይሆንም በዪው። አንድ ጠበቃ ጥቅማቸው የሚጋጭ ሁለት ሰዎችን በአንድ ጉዳይ መወከል አይችልም፤ የሙያው ሥነ ምግባር ይከለክለዋል። የባልሽ ጠበቃ መሆን ይችላል፣ መብቱ ነው። የአንቺ ግን አይደለም። ስልክ ላይ ምንም አትንገሪው። ምን ንብረት እንዳለ፣ ምን ማስረጃ እንዳለሽ፣ ምን እንደምትፈሪ አታውሪው። «ለፎርማሊቲ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» ካለሽ አትፈርሚ።

ዳኞቹን አውቃለሁ የሚለው ሰው ደግሞ ጉዳይ ገዳይ ነው። ከእሱ ዛሬውኑ ራቂ። ዳኛ አውቃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ብዙ ጊዜ ማንንም አያውቅም። ብታሸንፊ በእኔ ነው ይላል፤ ብትሸነፊ ሌላኛው ወገን የበለጠ ከፈለ ይልሻል። በሁለቱም ገንዘቡ አይመለስም። እውነት ጉቦ የሚያቀባብል ከሆነም የባሰ ነው፤ አንቺም በወንጀል ትጠየቂያለሽ። ልጆችሽ ያለ እናት ይቀራሉ። ጎረቤትሽ በቅንነት እንዳገናኘችሽ አምናለሁ፤ ግን ቀብድ የሚባል ነገር አንድ ብር እንኳን እንዳትሰጪው።

በመቶኛ ይታሰብልኝ ያለው ጠበቃ ላይ ትንሽ ልቆይ። በመቶኛ መጠየቁ ብቻውን መጥፎ ሰው አያደርገውም። እጅ ላይ ገንዘብ ለሌለው ሰው እንዲያውም መፍትሔ ይመስላል። ግን ቁጭ ብለሽ አስቢው። መቶኛው የሚታሰበው ከቤቱ ጠቅላላ ዋጋ ነው ወይስ ከአንቺ ድርሻ? ከአንቺ ድርሻ ከሆነ፣ በሕግ ግማሹ ያንቺ መሆኑ ብዙም የማያከራክር ከሆነ፣ እሱ ምን ጨምሮልሽ ነው የሚወስደው? ደግሞም ቤት ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ከልጆችሽ ጋር መቆየት ብትፈልጊ የጠበቃውን መቶኛ ከየት አምጥተሽ ትከፍያለሽ? ጠበቃ ለመክፈል ቤት መሸጥ ይመጣል። እኔ ብሆን ባጠቃላይ በብር የተቆረጠ ዋጋ፣ በየደረጃው የሚከፈል ይሻለኛል። ክሱ ሲገባ ይህን ያህል፣ ምስክር ሲሰማ ይህን ያህል፣ ውሳኔ ሲሰጥ ቀሪው። በመቶኛ ብቻ ነው የምሠራው ካለሽ በዛሬ የቤት ዋጋ ስንት ብር እንደሚመጣ ፊትሽ ያስላልሽ። ቁጥሩን ስታዪው ትወስኛለሽ።

«አለ የተባለውን ጠበቃ» ብለሻል። ድሬ ውስጥ ስሙ የገነነ ጠበቃ ብዙ ጊዜ የገነነው በነጋዴ ክርክር ወይም በወንጀል ጉዳይ ነው። የሚያስፈልግሽ የቤተሰብ ችሎት የሚያውቅ ሰው ነው። ጉዳያቸውን ጨርሰው ፍርዱ የተፈጸመላቸውን ሴቶች ጠይቂ። ገና መሃል ላይ ያሉት ጠበቃቸውን ወይ ያመልኩታል ወይ ይረግሙታል፤ ሚዛናዊ ቃል አታገኚም። የጨረሰች ሴት ግን ስልክ ያነሳ ነበር ወይ፣ ቀጠሮ ይቀር ነበር ወይ፣ መሃል ላይ ተጨማሪ ብር ጠየቀ ወይ የሚለውን ትነግርሻለች። የጥብቅና ፈቃዱንም እንዲያሳይሽ ጠይቂ። የፌዴራል ፈቃድ የሚሰጠው የፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ የታደሰ መሆኑንም እዪ። ፈቃድ አሳዪኝ ስትባል የምትቆጣ ሴት ወይም የሚቆጣ ወንድ ጠበቃ ካጋጠመሽ ተነስተሽ ውጪ። ፍርድ ቤት አካባቢ ተቀምጠው አቤቱታ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ለቀላል ማመልከቻ ይጠቅማሉ። የቤት ክርክር ያለበትን ክስ ግን ለእነሱ አትስጪ። ክሱ ላይ ያልተጠየቀ ነገር ፍርድ ውስጥ አይገኝም።

መጀመሪያ ለምክር ብቻ ሂጂ። ለአንድ ምክር መክፈል ለሙሉ ጉዳይ ከመክፈል በጣም ይረክሳል። ከሁለት ጠበቆች ጋር ተነጋገሪና አወዳድሪ። ስትሄጂ የካርታውን ቅጂ፣ የውሃና የመብራት ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃዱን ቅጂ፣ የኒካውን ወረቀት፣ የልጆቹን የልደት ማስረጃ ያዢ። ካርታውን ባታገኚ አትጨነቂ፤ ፍርድ ቤቱ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስቀረብ ይችላል። ባንክ ያለ ገንዘብም እንዲሁ፤ ግን በየትኛው ባንክ እንደሚያስቀምጥ ማወቅ አለብሽ። የሱቁን ዕቃ ዛሬ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ዕዳ እንዳለበትም ጠይቂ። በፍቺ ጊዜ «ከወንድሜ ይህን ያህል ተበድሬ ነበር» የሚል ወረቀት ድንገት ይወጣል። ከ500 ብር በላይ ለመበደርም የሁለታችሁ ስምምነት ያስፈልግ ነበርና፣ ጠበቃሽ ይህን እንዲያነሳው ቀድመሽ ንገሪው።

ጥሩ ጠበቃ የምታውቂው በሚነግርሽ መጥፎ ዜና ነው። «ይህን አታገኚም» የሚልሽ ይኖራል። «ቤቱን ለሁለት መክፈል ካልተቻለ፣ አንዳችሁ የሌላውን ድርሻ መግዛት ካልቻላችሁ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን ትካፈላላችሁ» ብሎ ቁርጡን የሚነግርሽ። ይህ እውነት ነው፣ ሕጉም የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሐራጅ የሚለውን ቃል አንድ ቀን እንኳን ሳያነሳ «ቤቱን አስረክብሻለሁ» የሚልሽን አትመኚው። ከአሁኑ ማሰብ ያለብሽ የእሱን ድርሻ ቀስ በቀስ ከፍለሽ ቤቱን ማስቀረት ትችያለሽ ወይ፣ ወይስ ድርሻሽን በገንዘብ ተቀብለሽ ሌላ ቦታ ትኖሪያለሽ ወይ የሚለውን ነው። ይህን ከጠበቃሽ ጋር በብር አስሉት።

ከጠበቃው ጋር ከተስማማችሁ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ውሉ ላይ ሰው ሁሉ የሚረሳው አፈጻጸም ነው። ፍርድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ፍርዱን ማስፈጸም ሌላ መዝገብ ነው። ግምት ይሠራል፣ ሐራጅ ይወጣል፣ ቀለብ ያልከፈለ ሰው ይጠራል። ብዙ ሴቶች ፍርዱን ይዘው ጠበቃቸው ጋ ሲመለሱ «ይሄ በሌላ ውል ነው» ይባላሉ። ስለዚህ የተስማማችሁት ዋጋ እስከ አፈጻጸም ድረስ ነው ወይ፣ ይግባኝ ቢባልስ የሚለው በግልጽ ይጻፍ። የዳኝነት ክፍያ፣ የግምት ወጪ፣ የኮፒ ገንዘብ ከማን እንደሚወጣም ይጻፍ። በከፈልሽ ቁጥር ደረሰኝ ተቀበዪ።

ውክልና ስትሰጪ ደግሞ እባክሽ ቃል በቃል አንብቢው። አለቅጥ የተለመደ ነገር ነው፤ ሰው ወረፋ ላይ ቆሞ፣ በድሬ ሙቀት ተሰላችቶ፣ ሳያነብ ይፈርማል። ጠበቃ እንዲከራከርልሽ ሰፊ ውክልና አያስፈልገውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወኪል የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመታረቅና በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ወረቀቱ ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ገንዘብ ለመቀበል፣ ለመታረቅ» የሚል ካለ እንዲወጣ አድርጊ። «የተለመደ ፎርም ነው» ይሉሻል። ቢሆንም ይውጣ። ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር፣ ሰነድ ማቅረብ፣ ይግባኝ ማለት ይበቃዋል። ገንዘቡን አንቺው ተቀበዪ፤ ዕርቁንም አንቺው ፈርሚ። ውክልናውን በፈለግሽ ጊዜ መሻር እንደምትችዪም እወቂ።

ገንዘቡ ከየትም ካልተገኘ በነፃ የሚረዱሽ አሉ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ድሬዳዋ ላይ ሲሠራ ቆይቷል፤ በተለይ እንዳንቺ ላለ ጉዳይ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም በምሥራቁ አካባቢ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የከተማው የሴቶችና ሕፃናት ቢሮም ይመራሻል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰውም ችሎታ እንደሌለው አስረድቶ ያለ ክፍያ እንዲከስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። እዚህ መሄድ የሚያሳፍር አይደለም። ግን ቀጠሮ እስኪደርስሽ ሊቆይ ስለሚችል የእግዱን ጉዳይ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጥያቄሽ። ይህ እምነትሽንም ስለሚነካ ውሳኔው የአንቺ ነው። የምነግርሽ ሕጉን ነው። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ጉዳይ የሚያየው ሁለታችሁም ስትስማሙ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም አዋጅ ቁጥር 188/1992ም እንዲህ ይላሉ። ማንም አስገድዶ አይወስድሽም። አንዴ ከተስማማሽ ግን መሃል ላይ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ወደ መደበኛው» ማለት አይቻልም። ይበልጥ ልብ በዪ፦ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ደርሶሽ ዝም ብለሽ ብትቀሪ እንደተስማማሽ ይቆጠራል። ስለዚህ ባለቤትሽ ቀድሞ እዚያ ከከፈተ፣ ካልፈለግሽ በቀጠሮው ቀን ቀርበሽ «አልተስማማሁም» በዪ። በመደበኛው ፍርድ ቤት በቤተሰብ ሕጉ መሠረት የጋራው እኩል ይካፈላል። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው በእስልምና ሕግ ነውና የንብረቱ ውጤት አንድ ላይሆን ይችላል። የቱን እንደምትመርጪ ከመወሰንሽ በፊት ይህንኑ ጥያቄ ለጠበቃሽም፣ ለምታምኚው ሸህም አቅርቢ። ከባለቤትሽ ወገን የመጣ ሰው ብቻ መክሮሽ አትወስኚ።

ልጆቹን በተመለከተ ሕጉ ለእናት ወይም ለአባት ብሎ አስቀድሞ አልወሰነም። ዳኛው የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም፣ የወላጆቹን ገቢ፣ ጤናና አኗኗር ያያል። ገቢሽ ማነሱ ብቻውን ልጆችሽን አያሳጣሽም፤ ቀለብ የሚባለው ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው፣ ሲታመሙ ድል ጮራ ሆስፒታል ይዟቸው የሚሮጠው ማን እንደሆነ የሚመሰክር ሰው አዘጋጂ። ልጆቹ አባታቸውን እንዳያዩ አትከልክዪ። እሱን ለመቅጣት ብለሽ ብታደርጊው ተጎጂዎቹ እነሱ ናቸው፤ ዳኛውም አይወደውም። እጁን አንስቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤሽ ላይ ባትጽፊውም ለጠበቃሽ ንገሪ፤ አሁንም የሚያሰጋሽ ከሆነ ከጠበቃ በፊት ፖሊስ ጋ ሂጂ።

እናትሽ ሽማግሌ ይሻላል ማለታቸው ትክክል ነው፤ ሽማግሌና ጠበቃ አይጣሉም። በስምምነት የሚያልቅ ፍቺ ርካሽ ነው፣ ልጆችንም ያሳርፋል። ድሬ ውስጥ ከችሎት ይልቅ በወግ የሚያልቅ ብዙ ነገር አለ፤ ይህን ባህላችንን እወደዋለሁ። ግን ሽማግሌ ፍቺ አይወስንም፤ በቤተሰብ ሕጉ ይህ የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። ሽማግሌ የጨረሰው ነገር ሁሉ ተጽፎ ፍርድ ቤት ቀርቦ ካልጸደቀ ነገ ባለቤትሽ ሐሳቡን ቢቀይር የምትይዢው ነገር የለሽም። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። እግዱን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ቤቱ ከታገደ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ። ከተስማማችሁ ቤቱ የማን እንደሚሆን፣ በስንት ብር፣ በስንት ጊዜ እንደሚከፈል፣ የልጆቹ ቀለብ በየወሩ ስንት እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደሚገባ በወረቀት ይጻፍ። ያን ወረቀት ጠበቃሽ አንብቦ «ፈርሚ» ሳይልሽ አትፈርሚ፤ ሽማግሌዎቹ ቢቸኩሉም፣ ቡና ቀርቦ ሁሉም አንቺን ቢጠብቅም።